እናቴ ለእንግዳ የነገረችው

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የምቀናበት ሰው አብሮኝ የሚያድር የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ልብሱ ወይም ቁመናው አይደለም ያስቀናኝ፤ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ መስማቱ ነው። እኔ አፌ እሳት ነበር፤ ስናገር አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ታዲያ ሰው ለኔ አጨብጭቦ ሲያበቃ ሄዶ የልቡን የሚያጫውተው እሱን ነው። አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር።

ያኔ በግቢው የተለየ ሐሳብ ያነሳ ሰው በፉጨት ነበር ከመድረክ የሚወርደው። እሱና ጥቂት ጓደኞቹ ይህን እናስቀር ብለው የቅዳሜ ክርክር ጀመሩ። ደንቡ አንድ ነው፦ ለተከራካሪህ ከመመለስህ በፊት እሱ ያለውን አንተው ትደግማለህ፤ «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» እስኪልህ ድረስ መልስ የለም። «የፈሪ ጨዋታ» አልኩ። ደንቡን ያሰብኩት እኔ ብሆን ኖሮ ግን ደስታዬን አልችለውም ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ቆቦ፣ እኛ ቤት ይዤው ሄጄ ነበር። ከሮቢት ከተማ ጀምሮ የመንገዱ ዳር የተራበ ሰው ተኮልኩሎበታል። ቤት ስንደርስ የጣራችን ሣር ግማሹ የለም።

«ምነው እማ፣ ጣራው?»

«ልናድሰው ነው» አለች እናቴ። የማሽላ ገንፎ አቀረበችልን፣ በላን። እንዴት ከረማችሁ ብላት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ብቻ። እኔም ስለ መሬት ላራሹና ስለ መንግሥት ዝምታ ሳስረዳት ሰነበትኩ።

በኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ወሬ በተራ ነው። እሱ የመጣበትን አገር ያወራል፣ ማንም አያቋርጠውም፤ ከዚያ ባለቤቱ የራሱን ያወራል። የቤት ልጅ ግን ያውቃል ተብሎ ይታለፋል። እናቴና እሱ ከሰዓት በኋላ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያወጉ አያለሁ። እኔ ስጠጋ ወሬው ይቋረጣል። በገዛ እናቴ ቀናሁ! በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉ፤ መዳቡ እኔ መሆኔ ነው።

ትምህርት ሲከፈት የክርክሩ ርዕስ ረሃቡ ሆነ፦ ቁርሳችንን ትተን እህል እንላክ ወይስ መጀመሪያ መንግሥት ረሃቡን መደበቁን እናጋልጥ? እኔ እናጋልጥ ባይ ነበርኩ። «እህል መላክ ቁስልን በጨርቅ መሸፈን ነው! ከዚህ አዳራሽ ቆቦን የማውቀው እኔ ነኝ!» አልኩ። ተጨበጨበ። እሱ ተነስቶ ያልኩትን ደገመው፤ ከኔ አሳምሮ። ሳልወድ «አዎ» አልኩ።

ቀጥሎ የራሱን ተናገረ። «ቆቦ አንዲት እናት አግኝቼ ነበር። በሬዋ እንዳይሞት የጣራዋን ሣር እየነቀለች አበላችው። ዝናቡ ከተመለሰ ለዘር ብላ ያስቀመጠችው ማሽላ ነበራት። ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ባዶ ቤት እንዳያይ ብላ እሱን ፈጭታ ገንፎ ሠራችለት። ዘንድሮ የምትዘራው የላትም። እህል እንላክ።»

ሰብሳቢው ወደኔ ዞሮ «ድገም» አለኝ።

ተነሳሁ። «አንዲት እናት... የጣራዋን ሣር ለበሬዋ አበላች። የዘር ማሽላዋንም... አለቀ።»

«አልጨረስክም» አለ እሱ፣ በቀስታ።

«ልጇ በላው።»

«አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት።»

«አሁን መልስህን» አለ ሰብሳቢው። አዳራሹ ይጠብቃል። በአፌ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለምን ላንተ ነገረችህ?»

ሰው ግራ ተጋብቶ ተያየ። እሱ ግን ገብቶታል። ዓይኑን ከኔ ሳያነሳ መለሰልኝ፦

«እኔ ጠይቄ ሰማኋት። አንተ ስታስረዳት ነው የሰነበትከው።»