ለሁሉም አንድ ካርድ

«ሰው ነው የሚሳሳተው» ያልኩት እኔው ነኝ። ዲላ፣ የተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ ቆሜ ጥርሴን እየቦረሽኩ ሳለ የቡና ማጠቢያው ሥራ አስኪያጅ ከወርቃ ደወለልኝ። «ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ይሄ ያንተ ሲስተም ሊሳሳት ይችላል እንዴ?» አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ሲስተም አይሳሳትም፣ ሰው ነው የሚሳሳተው» አልኩት። አመስግኖኝ ዘጋው። እኔም ተጉመጥምጬ ቁርሴን ልበላ ወጣሁ።

ለምን እንደጠየቀኝ እንኳ አልጠየቅሁትም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሥራ አስኪያጁ ወርቃ፣ ገደብና ፍስሐ ገነት ላይ የቡና ማጠቢያ ላለው ለአንድ ቡና አቅራቢ ነው የሚሠራው። እኔ ደግሞ ለሦስቱም ማጠቢያዎች የመመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼላቸዋለሁ። እሸት ቡናው ተፈልፍሎና ታጥቦ የሚሰጣበት የሽቦ አልጋ አለ፤ ድሮ በየአልጋው ላይ የወረቀት ካርድ ይንጠለጠል ነበር። ቡናው በየትኛው ቀን እንደገባ፣ መቼ አልጋ ላይ እንደወጣ እዚያ ላይ ይጻፋል። «ወረቀት ዝናብ ይበላዋል፤ ተዉት፣ ሁሉም ሲስተም ላይ ይሁን» ብዬ ያስጣልኳቸው እኔ ነኝ። የወርቃዋ የአልጋ ኃላፊ ሃምሳን ያለፉ የጌዴኦ እናት ናቸው። ካርዶቹን በላስቲክ አስረው ሲያስረክቡኝ፣ «ካርድ ከቡናው ጋር ይወጣል፣ ከቡናው ጋር ይወርዳል። አንድ ካርድ ለሁለት አልጋ አይሆንም። እሺ ልጄ?» አሉኝ። «እሺ እማማ» አልኩ። ልቤ ግን ስልኬ ላይ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት የሆነውን የነገረኝ የወርቃው መዝጋቢ ነው፣ ያውም ከቀናት በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ ደውዬለት። ፕሮግራሙ አልጋ ቁጥር አሥራ አራት ላይ የሁለት የተለያዩ ቀናት ቡና አንድ ላይ እንዳለ ያሳያል። በእነሱ ሥራ ከዚህ የባሰ ጥፋት የለም፤ እርጥቡ የደረቀውን ያበላሸዋል። እኚያ እናት «እኔ አልቀላቀልኩም» ብለው ማሉ። ምስክር ይሆናቸው የነበረው ካርድ ደግሞ የለም። ሥራ አስኪያጁ ለእኔ ደወለ፣ እኔም ያንን የጀግና መልሴን ሰጠሁት። ስልኩን እንደዘጋ እሳቸውን ከኃላፊነት አንስቶ ለቀማ ላይ መደባቸው፤ ትናንት ሲያዝዟቸው ከነበሩት ሴቶች ጎን ቆመው የተበላሸ ፍሬ ይለቅሙ ጀመር።

እኔም ለራሴ «መቼም አንድ ነገር ሳያጠፉ አይቀሩም» አልኩ። አቤት የሰው ነገር!

ሳምንት ሳይሞላ ግን የፍስሐ ገነት ቡና ወርቃ አልጋ ላይ ተመዝግቦ ተገኘ። አሁን ይሄን ማን ቀላቀለው ይባላል? ቡናው ክንፍ አውጥቶ በረረ? ያኔ ነው ላብ ያጠመቀኝ። ለሥራ አስኪያጁ ደውዬ፣ «ምናልባት ሲስተሙ ላይ ትንሽ ነገር ሳይኖር አይቀርም» አልኩት። «ግዴለም፣ ተረጋግተህ እየው፤ ማሽን አይደል» አለኝ። ስለ ሴትየዋ እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ።

ከዚያ ያየሁትን ፍዳ እኔ ነኝ የማውቀው። ፕሮግራም ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ኦብጀክት የሚባሉ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ያስቀምጣል፣ አንዱ ደግሞ ልክ እንደዚያ የወረቀት ካርድ የአልጋውን ቁጥርና ቀኑን ይይዛል። ድሮ አንተው በእጅህ እየፈጠርክ አንዱን ለሌላው ታቀብል ነበር። አሁን ከላይ አንዲት ቃል ትለጥፋለህ፣ አኖቴሽን የምትባል። በቃ፣ ማን እንደሚፈጥረው፣ ለማን እንደሚታደል፣ መቼ እንደሚሞት ፕሮግራሙ የቆመበት ፍሬምወርክ የሚባለው ዝግጁ ማዕቀፍ ራሱ ይጨርሰዋል። ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ይሉታል። ሲሠራ እሰየው ነው። ሲበላሽ ግን የሚያዝበት የለውም! የት ተፈጠረ? አይታይም። ማን ሰጠው? አይታይም። አንድ የስሕተት መልእክት እንኳ አያሳይህም፤ ሁሉም ሰላም ነው ይልሃል፣ ቡናው ግን ከፍስሐ ገነት ወርቃ ገብቷል።

ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። ዲላ ላይ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔን ታቅፌ ጄኔሬተር ያለው ካፌ እሮጣለሁ፤ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፤ አንድ መቶ ጊዜ እሞክራለሁ፣ አንድ መቶ ጊዜ ልክ ይመጣል። ደሜ ፈላ። አስተናጋጇ «ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?» እስክትለኝ ድረስ ብቻዬን አወራ ነበር። በመጨረሻ «እዚያው ሄጄ ካላየሁት ሰው አልባልም» ብዬ በጠዋት የገደብ ሚኒባስ ያዝኩ፤ ከገደብ በሞተር ወርቃ ገባሁ።

እዚያም ያው! መዝጋቢው ወንበሩን ለቀቀልኝ፣ ቁጭ ብዬ ሃያ አልጋ መዘገብኩ፣ ሃያውም ልክ ሆነ። ጠረጴዛውን በጡጫ መትቼ ወጣሁ።

እኚያ እናት አልጋው ዳር ቆመው ይለቅማሉ። ዞር ብዬ ላልፍ ስል አዩኝ። «ደህና ነህ? ቁርስ በላህ?» አሉኝ። አፈርኩ፤ እውነቴን ነው፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ዛሬ ሥራ ቀዝቀዝ ብሏል» አልኩ።

«ባንተ ነዋ» አሉ፣ እጃቸው ከለቀማው ሳይቆም። «ኢንጂነሩ መጥቷል፣ ኔትወርክ አትሻሙበት ተባለ። ገደብም አይጽፍም፣ ፍስሐ ገነትም አይጽፍም። አንተ እስክትጨርስ።»

«ሌላ ቀንስ?»

«ሌላ ቀን ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚጽፈው። ኋላ ኔትወርክ ይሄዳል።»

ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ለካስ ስሕተቱን ከእኔ የደበቀው የሰው አክብሮት ነው! እኔ ስሞክር ሁልጊዜ ብቻዬን ነኝ፤ ዲላ ብቻዬን፣ እዚህ ደግሞ ለእንግዳ ክብር ብለው ብቻዬን አደረጉኝ። ሮጬ ገብቼ የፍስሐ ገነቱን መዝጋቢ ደወልኩለት።

«አሁን አንድ አልጋ መዝግብ።»

«ኧረ ኢንጂነር፣ አንተ ጨርስ፣ እኛ እንደርሳለን።»

«መዝግብ!»

«አይ፣ እናስቸግርሃለን...»

«መዝግብ አልኩህ፣ በጌታ!» ብዬ ጮህኩበት። እሱም ደንግጦ ጻፈ፣ እኔም ጻፍኩ፣ እኩል ላክነው። አንዴ ልክ መጣ፣ ሁለተኛም ልክ መጣ። በሦስተኛው የእኔ አልጋ አሥራ አራት የእሱን ቀን ይዞ ብቅ አለ።

ጥፋቱ ሲታይ እንዲህ ቀላል ነው። ያንን የካርዱን ኦብጀክት ለእያንዳንዱ ምዝገባ አዲስ እንዲፈጠር፣ ምዝገባው ሲያልቅም እንዲጠፋ የሚያዝዝ ሌላ አኖቴሽን አለ። እኔ አልለጠፍኩትም። ካልነገርከው ፍሬምወርኩ ፕሮግራሙ ሲነሳ አንዱን ይፈጥርና ለመጣው ሁሉ እሱኑ ያድላል፤ ፕሮግራሙ እስኪዘጋም አይሞትም። ወርቃ ቁጥሩን ሲጽፍበት ፍስሐ ገነት ቀኑን ይደርብበታል። ለሦስት ማጠቢያ አንድ ካርድ! እኚያ እናት በዚያ ቀን አፋቸውን ሞልተው የነገሩኝን ነገር ነው ሦስት ሳምንት ስፈልግ የከረምኩት። አንዲት ቃል ጨመርኩ፣ አለቀ። ደስ አላለኝም፤ በራሴ አንጀቴ አረረ።

ለሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ነገርኩት። «በቃ፣ ተስተካከለ አይደል?» አለኝ። «ለሰው አታውራው፣ ስምህ ነው። ሴትየዋን ቀስ ብለን እንመልሳለን።»

«የወረዱት ሰው እያየ ነው። ሰው ሰብስብልኝ» አልኩት። ቅር እያለው ሰበሰበ። ለቃሚዎቹም ጠባቂዎቹም ቆመው፣ ስሕተቱ የእኔ እንደሆነ፣ አልጋ አሥራ አራት ላይ ምንም እንዳልተቀላቀለ፣ ማሽኑ ለምን እንደዚያ እንዳለና ይህን ለማግኘት ሦስት ሳምንት እንደፈጀብኝ ተናገርኩ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ጎንበስ አልኩ። ሥራ አስኪያጁም፣ «ከነገ ጀምሮ ወደ ቦታዎ ይመለሱ» አላቸው።

«እሺ» አሉ። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ማሽኑ ተሳሳተ ሲባል ሦስት ሳምንት ሰጣችሁት። እኔ ተሳሳተች ስባል ስንት ቀን ሰጣችሁኝ?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። «አንድ ቀንም አልሰጠንዎትም፤ አንድ ስልክ ብቻ፣ እሱንም ጥርሴን እየቦረሽኩ» አልኳቸው።