በጾም ቀን ጭን ላይ

ያረፉት አክስቴ ወድቀው ወገባቸው ከተሰበረ በኋላ፣ አጥንታቸው ስለሳሳ ሐኪሙ በየቀኑ የሚወጋ መድኃኒት አዘዘላቸው። ቢቸና ቤታቸው በየጠዋቱ ራሳቸው ሆዳቸውን ይወጉ ነበር። ምኞታቸው እንደ ድሮው ቆመው ማስቀደስ ብቻ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ መርፌውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆዩት ጀመር። የንስሐ አባታቸው «መርፌ ጾም አያስገድፍም» አሏቸው።

«አባ፣ ሆዴ ውስጥ ከገባ ምኑን ጾምሁት?»

የመድኃኒቱን ወረቀት አንብቤ ጭን ላይም እንደሚወጋ ነገርኋቸው።

«ይህን እያወቅሽ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?» ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያ ወዲያ በጾም ጭናቸውን፣ በፍስክ ሆዳቸውን እየወጉ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ጨረሱት። ቅዳሴውንም እስከ መጨረሻው ቆመው አስቀደሱ፤ ደክሞኝ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ።

ዛሬም ሳስቀድስ ከጎኔ የአንድ ሰው ቦታ ትቼ እቆማለሁ።