የሦስቱ ወንድማማቾች ዕጣ

ልጅ ሳለሁ፣ መቀሌ ውስጥ ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው የተከራዮች ግቢያችን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ ልጆች ደስ ይለን ነበር። ያኔ አቦይ እንድሪስ ፋኖሳቸውን ለኩሰው፣ ከክፍላቸው ደጃፍ በርጩማቸው ላይ ይቀመጡና ተረት ይጀምሩልናል። አቦይ እንድሪስ ከወሎ የመጡ፣ በአንድ የጨው መጋዘን ጆንያ እየሰፉ የሚኖሩ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ግቢው በሙሉ የሚያወራው በትግርኛ ነው፤ ተረት ግን የምንሰማው በአማርኛ ነበር፤ ትግርኛው ለገበያ እንጂ ለተረት አልመጣልኝም ይሉ ነበርና። እስከ ዛሬ አማርኛ ተረት ሲነገር ስሰማ ቀድሞ የሚመጣብኝ የጆንያ ቃጫ፣ የላምባ ጭስና ከእግራቸው ሥር የምትቀመጠው የከሰል ምድጃ ሽታ ነው።

ተረቶቻቸው ብዙ ጊዜ ቁጥር አያጣቸውም። ጉድጓዷ ሦስት መግቢያና ሁለት መውጫ ያለው ቀበሮ ነበረች፤ ጅቡ በየት ገብታ በየት እንደምትወጣ ግራ ገብቶት ደጅ ሲጠብቅ ይኖራል። ስንት ዓይነት መግባትና መውጣት እንዳላት ቁጠሩ ይሉናል፤ እኛም አመድ ላይ በእንጨት እየጫርን ስድስት እስክንደርስ እንጣላለን።

አብዝተው የሚደጋግሙት ግን የሦስቱን ወንድማማቾች ተረት ነበር። አገር በድርቅ ተመትቶ ሦስት ወንድማማቾች ከአንድ ወንዝ ዳር ይደርሳሉ። ወንዙን የምታሻግረው ታንኳ ከአንድ ሰው በላይ አትችልም፤ አንዴ ከሄደችም አትመለስም። ስለዚህ ዕጣ እንጣጣል ይላሉ። ሁለት ነጭና አንድ ጥቁር ጠጠር ቆብ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ጥቁሩን ያወጣ ይሻገራል። ታላቅየው «ታላቅ እኔ ነኝ፣ ልቅደም» ብሎ እጁን ይሰዳል፤ ጥቁሩም ይወጣለታል። ተረቱ እዚያው ላይ ያልቃል። ታናናሾቹ ምን እንደሆኑ አይነግሩንም። ይልቅ ዙሪያችንን እያዩ ታላቅየው በመቅደሙ በድሎ እንደሆነ ይጠይቁናል፤ እኛ በአንድ ድምፅ አልበደለም እንላለን፤ እሳቸውም «ዕጣ የአላህ ነው» ብለው ፍሙን ይቆሰቁሳሉ። ስንት ጊዜ እንደጠየቁን፣ ስንት ጊዜ እንደመለስንላቸው አላስታውስም።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ ተረት የሚሰማው ሌላ የልጅ ትውልድ ነበር፤ እኔ ከዳር ሆኜ በዚያችው ፋኖስ ብርሃን አጠና ነበር። የዚያ ዓመት ብሔራዊ ፈተና የቤታችን ብቸኛ ወሬ ሆኗል። እናቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ሒሳብ እንዳይጥለኝ ፈርታ ሮማናት አካባቢ መምህርት ለምለም የምትባል አስተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደምትሰጠው ማጠናከሪያ አስገባችኝ። እዚያ የምንሠራው የቅልቅል፣ የአቆጣጠርና የይሆናልነት፣ ማለትም የፕሮባቢሊቲ፣ ጥያቄ ነበር። የቅልቅሉ ጭራሽ አልገባኝ አለ። አሥር ኪሎ ሃያ በመቶ ጨው ያለበት ውሃ አለ፤ ጨዉ አምስት በመቶ እንዲሆን ስንት ኪሎ ውሃ ይጨመርበት? አንድ ምሽት በዚህ ጥያቄ አልቅሼ ደብተሬን ስወረውር አቦይ እንድሪስ አዩኝ። ጥያቄውን አስነበቡኝና ከክፍላቸው አንድ ጭብጥ ጨው አምጥተው በጣሳ ውሃ ውስጥ አሟሙ። አስቀመሱኝ። ውሃ ጨመሩበትና እንደገና አስቀመሱኝ።

«ጨዉ የት ሄደ?» አሉኝ።

የትም እንዳልሄደ ነገርኳቸው።

«እንግዲያ የማይሄደውን ያዢ። ውሃው ያታልልሻል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጨዉ ሁለት ኪሎ ነው፤ ሁለት ኪሎ አምስት በመቶ የሚሆነው ከአርባ ኪሎ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚጨመረው ሠላሳ። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ያስተማሩኝን በፈተናዎቼ ሁሉ አልሳትኩም። ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ነገር የሚከብደኝ ለዚህም ጭምር ነው።

ሳምንት ሳይሞላ መምህርት ለምለም ይሆናልነትን ጀመረች። ገና የመጀመሪያውን ትምህርት ነው የወሰድነው፤ የሚፈለገው ለጠቅላላው ይካፈላል፣ ያ ብቻ። በዚያው ሳምንት መብራት ጠፋና አቦይ እንድሪስ ለትንንሾቹ የሦስቱን ወንድማማቾች ተረት ነገሯቸው። እንደ ልማዳቸው ጠየቁ፤ ልጆቹም አልበደለም አሉ። እኔ ከዳር ሆኜ በድሏል አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። «እንዴት ልጄ?»

«የመጀመሪያው እጁን ሲከት ሦስቱም ጠጠር አለ» አልኳቸው። «እሱ ጥቁሩን ከወሰደ ለሌሎቹ ምን ይቀራል? እነሱ ዕድል የሚኖራቸው እሱ ከሳተ ብቻ ነው። ቀድሞ ያወጣ ይበልጣል፤ የእነሱን ዕድል ነው የወሰደው። ይሄ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው።»

ማን እንዳረጋገጠው አላውቅም። መምህርት ለምለም እንዲህ አላለችም፤ መጽሐፉም አላለም። ትንንሾቹ በአድናቆት ሲያዩኝ ከአፌ የወጣ ነው።

«በሒሳብ?» አሉ አቦይ እንድሪስ ዝግ ብለው።

«በሒሳብ።»

ልጆቹን ግቡ አሏቸውና ፋኖሱን ይዘው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ፍሙ ደጅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ አልወጡም፤ ልጆቹ በራቸውን ሲያንኳኩ ወገቤን አሞኛል ይሏቸው ነበር።

እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት። በመስኮት ሁሉንም ሰምታ ነበር፤ አልተቆጣችኝም፤ በተቆጣችኝ ይሻል ነበር። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ታንኳ የሚባል ነገር አልነበረም» አለችኝ። «የጭነት መኪና ነው።» በክፉው ዘመን ሦስት ወንድማማቾች ከመንደራቸው ወጥተው አውራ ጎዳና ላይ ደረሱ፤ አንድ ሾፌር ከጭነቱ ላይ አንድ ሰው ብቻ እንደሚጭን ነገራቸው፤ ዕጣ ተጣጣሉ፤ የወጣለትም ታላቅየው እንድሪስ ነበር። ሁለቱን ታናናሾች ከዚያ ቀን ወዲህ ያያቸው የለም። ትልልቆቹ ተከራዮች ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ለእኛ ለልጆቹ ነው ተረት የነበረው።

ደነገጥኩ፤ አዘንኩም። ግን እውነቱን ለመናገር ውስጤ ትንሽ ግትርነት ቀርቶ ነበር፤ ሒሳብ ሒሳብ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ይህም የቆየው እስከ ሁለተኛው ቅዳሜ ብቻ ነው። መምህርት ለምለም ሦስት ሰዎች አንድ ትኬት በዕጣ ሲያወጡ የሚል ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፈች። የመጀመሪያው ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። ሁለተኛው፣ ትኬቱ ሳይወሰድ የሚደርሰው ከሦስት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከደረሰው ደግሞ ከቀሩት ከሁለት አንዱን ማውጣት አለበት፤ ሲባዛ ያው ከሦስት አንድ። ሦስተኛውም እንዲሁ። «ቀደምክ ዘገየህ ለውጥ የለውም» አለች ጠመኔዋን እያራገፈች። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ።

በዚያው ሰዓት ሮጬ ሄጄ ልነግራቸው ይገባ ነበር። አልሄድኩም። ተሳስቻለሁ ማለት፣ በተለይ እሳቸው ፊት፣ ከበደኝ። ከፈተናው በኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ አሁን ጥናት አለብኝ አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ በራቸውን አልፌ ገባሁ፣ ወጣሁ። አንዳንድ ምሽት የፋኖሱ ብርሃን በበሩ ሥር ሾልኮ ይታየኛል፤ መርፌው ጆንያውን ሲበሳ ይሰማኛል። ፈተናው ደረሰ፤ የአምስት ሰዎች ዕጣ ጥያቄ ነበረበት፤ አራተኛው የማግኘት ዕድሉ ስንት ነው የሚል። ከአምስት አንድ የሚለውን አጠቆርኩ። ለእሳቸው ያልነገርኩትን ለወረቀቱ ነገርኩት፤ ነጥብም አገኘሁበት።

በመጨረሻው የፈተና ቀን ማታ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። በራቸው ገርበብ ብሏል፤ ሲባጎ እየገመዱ ነበር። ከፍሙ ማዶ ተቀምጬ ተሳስቼ እንደነበር ነገርኳቸውና በእርሳስ ሦስት ጠጠር ስዬ ሁሉንም አስረዳኋቸው። እንደገና እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ እንደገና ነገርኳቸው።

«ሦስቱም እኩል?»

«እኩል ነው አቦይ። መቅደምዎ ምንም አልለወጠም።»

«መቅደምዎ» ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሳቸውም ሰሙት። ሲባጎውን አስቀመጡና እጃቸውን ፍሙ ላይ ዘረጉ።

«ሒሳብሽ ልክ ይሆናል ልጄ» አሉኝ። «ግን ጠጠሮቹን የለቀምኳቸው እኔ ነበርኩ። ጥቁሩ ሻካራ ነው። እጄ ቆቡ ውስጥ ገብቶ ለየው። ዐውቄ ነው ያወጣሁት።» ቀጥለውም፣ «ይህን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም» አሉ።

እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅ ይሆናል። ቢያንስ ግን አጠገባቸው መቀመጥ እችል ነበር። ደብተሬን ዘጋሁና ተነሥቼ ሄድኩ፤ ደኅና እደሩ እንኳ አላልኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ሸሸኋቸው። የዘመድ ልጅ ከወሎ መጥቶ በቃዎት፣ አገርዎ ይግቡ ብሎ ሊወስዳቸው ሲነሣ ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር። ሊሰናበቱ ወደ ቤታችን መጡ። እናቴን አመሰገኑ፣ መረቁ፤ ቀጥለው እኔ እንዳለሁ ጠየቋት። እናቴ ወደ ጓዳ ዘወር ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ፤ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ የለችም በያቸው ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«ወጥታለች አቦይ» አለቻቸው።

እንዳልወጣሁ ያወቁ ይመስለኛል፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የመለሱት። «እንግዲያ ንገሪያት፤ እኔ አልተቀየምኳትም። አላህ ዕውቀቷን ይባርክላት።»

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ነጥቤ ጥሩ መጣ፤ ትምህርቴን ቀጠልኩ፤ ሰው ጎበዝ ብሎኝ አደግኩ። ለረጅም ዓመት ራሴን የምወቅሰው በዚያች በውሸት መልሴ ነበር። እያደር ግን ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ትክክለኛውን መልስ ይዤ የሄድኩባት ማታ ሆነች፤ ለእሳቸው ብዬ ሳይሆን የራሴን ጭንቀት ላራግፍ ነበር የሄድኩት፤ ያንን አራግፌ ስነሣ እሳቸው ማንም ያልሰማውን አውጥተው ብቻቸውን ቀሩ። ምርቃታቸውንም ቢሆን የተቀበልኩት ከመጋረጃ ኋላ ትንፋሼን ይዤ ነው፤ አሜን ብል ይሰሙኛል ብዬ አሜን እንኳ አላልኩም።