ሮዝ ሲሆን ያየሁት ሃርጌሳ ነው

የጅጅጋው አውቶብስ ከአውቶብስ ተራ ሲነሳ ገና አልነጋም። አባቴ ሁለተኛ ብርድ ልብስ በመስኮት ሊያስገባልኝ ይታገላል። "አባዬ፣ ሃርጌሳ እኮ ሙቀት ነው!" ስለው፣ "ለአከራይሽ ስጪያት" አለኝ። አንዋር መስጊድ ጀርባ ብርድ ልብስ ሲሸጥ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይሰጣል?

አገሬን ጠልቼ አይደለም የወጣሁት። አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። በጀቱ በየዓመቱ ሲሳሳ መጀመሪያ ኬሚካሉ አለቀ፣ ቀጥሎ የፈተና ወረቀት፣ በመጨረሻም ቤተ ሙከራው ተቆለፈ። እኔም ሙከራውን ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ቀጠልኩ። አንድ ቀን በረከት የሚባል ተማሪዬ እጁን አወጣና፣ "ቲቸር፣ ፈሳሹ ሮዝ ይሆናል ያሉን፣ ምን ዓይነት ሮዝ ነው?" አለኝ። በነጭ ጠመኔ ምን ላሳየው? በዚያው ሳምንት ሃርጌሳ ላለ የግል ኮሌጅ አመለከትኩ።

ድንበሩ ላይ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሹም ፓስፖርቴን አገላበጠ።

"ምን ልትነግጂ ነው?"

"አስተማሪ ነኝ።"

"ብርድ ልብሶቹስ?"

"አባቴ ነው የሰጠኝ።"

"የት ነው ያደግሽው?"

"መርካቶ።"

"እና ነጋዴ አይደለሁም ትያለሽ!" እየሳቀ ማህተሙን መታልኝ።

እዚህ ፓስታውን "ባስቶ" ይሉታል፤ የሚበላውም ከሙዝ ጋር ነው። አትሳቁ፣ ይለመዳል! ያልተለመደው የእኔ ድምፅ ነው። አከራዬ እትዬ ሀሊማ ድሬዳዋ ያደጉ ናቸው፤ አንድ ቀን በሬን አንኳኩ።

"ከማን ጋር ነው የምትጣይው?"

"ኧረ ከአባቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ነው!"

"እንዲህ ከሆነማ ያለ ስልክም ይሰማሻል።"

የኮሌጁ ቤተ ሙከራ ትንሽ ነው፣ ግን ጠርሙሶቹ ሙሉ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ጠብታዋ ስትወርድ ፈሳሹ ሮዝ ሆነ። ተማሪዎቼ፣ "መአሊን፣ ለምን ታለቅሻለሽ?" አሉኝ፤ አስተማሪ ማለታቸው ነው። ወዲያው ለበረከት በቪዲዮ ደውዬ ደገምኩለት። "ይኼማ የእህቴ የጥፍር ቀለም ነው!" ብሎ ጮኸ፤ ከኋላው ጓደኞቹ አጨበጨቡ። በደስታ ክንፍ አወጣሁ። ስልኩ ሲዘጋ ግን እነሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ።

ባለፈው አርብ ከጁምዓ በኋላ አባቴ ደወለ።

"የዚያን ሮዝ የሚያደርገውን ኬሚካል ስም እስቲ ድገሚልኝ፤ ተራውን ሁሉ እያስጠየቅኩ ነው። መርካቶ የሚታጣ ዕቃ የለም። ካገኘሁልሽ ትመለሻለሽ?"

"አባዬ፣ የጎደለው ኬሚካል ብቻ አይደለም እኮ። ዩኒቨርሲቲው ነው ባዶ የሆነው።"



"እሱንስ የት ተራ ነው የሚሸጡት?"

ከት ብዬ ሳቅኩ። እሱ ግን መልሴን እየጠበቀ ነበር።