ቆጥ ላይ የከረመው ሶላር

ዲላ ገበያ ቆጮ የምትሸጥ ሴት ጥቅልሏን ስትፈታ አንዳንዴ ጭስ የጠገበ የኮባ ቅጠል ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል፣ ያን ጊዜ ዋጋ መጠየቄን ትቼ ባለሁበት እቆማለሁ። ሴትዮዋ «እህት፣ አትገዢም እንዴ?» ትለኛለች፤ እኔ ግን ቡሌ ወጥ ቤታችን ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ቆጥ አንጋጥጬ እያየሁ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ቆሜያለሁ። ያን ሽታ እስከ ዛሬ አልወደውም።

ቤታችን ከቡሌ ከተማ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ጥቂት እንደወጡ፣ በእንሰት የተከበበ ቆርቆሮ ቤት ነበር። አባዬ ገብስና ባቄላ ያርስ ነበር፣ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ሽንኩርት ገበያ ታወጣ ነበር፣ እህቴ አስቴር ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ስለምትበልጠኝ ስታጥበኝም ስትቆጣኝም ሁለተኛ እናቴ ነበረች። ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ሰው ቤት ልትሠራ ቤሩት ሄደች። የሄደች ዕለት አባዬ እጇን ይዞ «ምንም ነገር ከመወሰንሽ በፊት ለኔ ንገሪኝ» አላት፣ እሷም እያለቀሰች «እሺ አባዬ፣ ያላንተ ቃል አንድ እርምጃ አልሄድም» አለችው። አስቴር ያለችውን የምታደርግ ልጅ ነበረች።

በጋው ሲገባ አባዬ እሷ በላከችው ገንዘብ ዲላ ወርዶ ሶላር ገዝቶ መጣ፤ ከክፍላችን መስኮት የማይበልጥ ጥቁር መስታወት፣ አንዲት የባትሪ ሳጥንና ሁለት አምፖል ነበር። አምፖሉ ለእማዬ ደስታ ነበር፣ አባዬ ግን የገዛው ለስልኩ ነበር። አስቴር እሁድ እሁድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ ትደውል ስለነበር ስልኩን ቻርጅ ለማስደረግ በየሳምንቱ ከተማ መመላለሱ ሰልችቶት ነበር።

ሶላሩ ጣሪያው ላይ በወጣ በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ ስለሱ ያወራ ጀመር። ጎረቤታችን አዳነች አጥራችን ላይ ተደግፋ «ያ መስታወት የገብሳችንን ፀሐይ ይጠጣል፣ ዘንድሮ ፍሬ የለም በሉ!» አለች፤ ሌላው መብረቅ ይጠራል ብሎ ልጆቹን እኛ ቤት እንዳይመጡ ከለከለ። አባዬ በሁሉም ይስቅ ነበር፣ ግን እሱም ማንም የማያስለቅቀው የራሱ እምነት ነበረው፣ የሶላር ምግቡ ሙቀት ነው ይል ነበር። ቀትር ላይ መሰላል አቁሞ ይወጣና የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው መዳፉን መስታወቱ ላይ ያሳርፋል፣ ካቃጠለው «ጠግቧል» ብሎ ይወርዳል፣ ቀዝቀዝ ካለው ደግሞ «ርቦታል፣ አምፖሉን አታብሩ» ይለን ነበር። እኔም ከሥር መሰላሉን ይዤ አምነው ነበር። አባዬ ያለው ነገር ሁሉ እውነት የሚመስለኝ ጊዜ ነበር።

በበልጉ አስቴር ሳታቋርጥ ትደውል ነበር። ግንቦት መጨረሻ ላይ ግን ድምፅዋ ደከም ብሎ መጣ፣ አሠሪዎቿ አገር ለቀው ሊሄዱ መሆኑን፣ ሌላ ሥራ መፈለግ እንደሚኖርባት ነገረችን። «የሚሆነውን ሳውቅ እደውልና እጠይቅሃለሁ» አለችው። አባዬም «እጠብቃለሁ» አላት።

ሰኔ ሲገባ ጉሙ ከላይ ወርዶ እንሰቱን ዋጠው፣ ፀሐይም ጠፋች። አባዬ በሦስተኛው ቀን መስታወቱን ሲዳብስ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘው፣ ወርዶም «በከንቱ ብርድ ሊመታው ነው» አለ። በእኛ ቤት ክረምት የማይችለው ነገር ሁሉ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ነበር፤ የባቄላውም የበቆሎውም ዘር ጭሱ እንዲያደርቀው፣ እሳቱ እንዲያሞቀው ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ይከርም ነበር። አባዬም ሶላሩን በደረቅ ኮባ ደራርቦ ጠቀለለው፣ በቃጫ አሰረውና ከዘሩ ጎን አስተኛው። «ሙቀቱን እንደያዘ ይክረም፣ መስከረም ላይ ብርቱ ሆኖ ይነሳል» ሲለን በጣም ተማምኖ ነበር።

ለስልኩ እንደ ድሮው ከተማ እንመላለሳለን ብለን ነበር። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ግን ወንዙ ሞልቶ የግንዱን ድልድይ ይዞት ሄደ። አባዬ አንድ ጊዜ ዳገቱን ዞሮ፣ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ በጭቃ ተለውሶ ገባ፣ የስልኩ አሮጌ ባትሪ ግን ከሁለት ቀን በላይ አልቆየም፣ እሁድ ሳይደርስ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ስላመመው ያን መንገድ አልደገመውም።

አንድ ቀን አባዬ እዚያው ሰፈር ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ፣ እማዬ ጓሮ እንሰት ስትፍቅ፣ እኔ ብቻዬን ወጥ ቤት ነበርኩ። እውነትም ሙቀቱን ይዞ እንደሆነ ልዳብሰው ብዬ ተንጠራርቼ ጥቅልሉን ሳወርድ አመለጠኝና ጠርዙ ጉልቻው ላይ አረፈ። ስፈታው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ማዕዘኑ ላይ ሮጧል። አባዬ ብዙ አይመታም ነበር፣ ሲመታ ግን በአለንጋ ነበር። ሶላሩን ደጅ አወጣሁት፣ ጥላሸቱን በቀሚሴ ጠረግኩና ሞቶ እንደሆነ ለማየት ሽቦውን ሳጥኑ ላይ ሰካሁት። ጉሙ ደጃችን ያለውን ዛፍ እንኳ ደብቆት ነበር። ሲሞላ ብቻ የምትበራው የሳጥኑ ትንሽ አረንጓዴ መብራት በራች።

መጀመሪያ አልሞተም ብዬ ተደሰትኩ። ከዚያ ቀስ እያለ ሌላው ነገር ገባኝ። ፀሐይ የለም፣ መስታወቱ በረዶ ነው፣ መብራቷ ግን አልጠፋችም። ስልኩ የሞተ ቢሆንም አባዬ ከኮት ኪሱ ስለማይለየው እዚያ አልነበረም፣ ቢኖር ኖሮ እሰካው ነበር ብዬ ዛሬ ራሴን አጽናናለሁ። ለአባዬ «በጉምም ይሠራል» ልለው ስነሳ እንዴት እንዳወቅኩ መናገር ይኖርብኛል፣ ያን ከነገርኩት ስንጥቁ ይወጣል። ፈራሁ። ኮባውን እንደነበረ ጠቀለልኩ፣ ቃጫውን አባዬ ባሰረው ዓይነት አሰርኩና ቆጡ ላይ መለስኩት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት እሁዶች ከሁሉ የከፉ ነበሩ። ከጸሎት ቤት ተመልሰን እንቀመጣለን፣ አባዬ በልማድ የሞተውን ስልክ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፣ ሦስታችንም እናየዋለን። ነሐሴ ላይ ስልክ ሲጮህ ይሰማኝ ጀመር፣ ድምፁ የሚመጣው ደግሞ ከአባዬ ኪስ ሳይሆን ከቆጡ ላይ፣ ከኮባው ውስጥ ነበር። ሮጬ ወጥ ቤት ገብቼ አንጋጥጣለሁ። ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ በቀር ምንም አልነበረም።

መስከረም ጠባና አባዬ ሶላሩን አወረደው። ስንጥቁን አይቶ «አየሽ፣ ቆጥ ላይ እንኳ ሆኖ ብርዱ ሰነጠቀው» ብሎ እማዬን አሳያትና ጣሪያው ላይ ሰቀለው። ስልኩ በራ፣ እሁድ መጣ፣ ሌላም እሁድ መጣ፣ አስቴር አልደወለችም። ትደውልበት በነበረው ቁጥር ስንሞክር ዝግ ነበር።

ጥቅምት ላይ ትዕግሥት የምትባል የፍስሐ ገነት ከተማ ልጅ ቤታችንን ጠይቃ መጣች፤ ቤሩት ከአስቴር ጋር የኖረች ልጅ ነበረች። ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ተናገረች። «አሠሪዎቿ ከሄዱ በኋላ አንድ ደላላ በባሕር ሌላ አገር ልውሰዳችሁ አላቸው። እሷ አባቴን ሳልጠይቅ አልሄድም ብላ ሐምሌንም ነሐሴንም ስትደውል ከረመች። ‹እሺም ይበለኝ እምቢም ይበለኝ፣ ድምፁን ልስማ› ትል ነበር። በመጨረሻ ደላላው ቀን ቆረጠባት፣ ሄደች።»

«ከዚያስ?» አለች እማዬ።

«ከዚያ በኋላ ከሄዱት የማንም ድምፅ አልተሰማም።»

አባዬ ማንንም ሳያይ፣ «ፀሐይ አልነበረም» አለ። «ምን ላድርግ፣ ፀሐይ አልነበረም።» እማዬ ጀርባውን እያሻሸች «አዎ፣ አልነበረም» ትለው ነበር። እኔ በሩ ኋላ ቆሜ ነበር።

አሁን ዲላ ከባለቤቴ ጋር ሶላር የምንሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለን። ከወርቃ ከተማም ከቡሌም የሚመጣው ሰው ያንኑ የድሮ ነገር፣ ፀሐይ ሳይኖር ይሠራል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፣ እኔም ሶላር የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ሲግል እንደሚደክም፣ በጉምና በደመና ቢያንስም ለአንድ ስልክ እንደማያቅተው እናገራለሁ። «ጥረጉት፣ አትደብቁት!» ስል ድምፄ ከፍ ስለሚል ባለቤቴ ሰባኪዋ እያለ ይቀልድብኛል። ለምን እንደምጮህ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት አባዬ ለዓይኑ ሕክምና መጥቶ እኛ ጋ ሰንብቶ ነበር። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሳለ ረሳሁትና ለአንድ ገበሬ እንደ ልማዴ አስረዳሁ። ሰውዬው ከወጣ በኋላ አባዬ በማያይ ዓይኑ ወደኔ ዞረ።

«የኛም በጉም ይሠራ ነበር ማለት ነው?»

የያዝኩትን ሽቦ መጠቅለል ጀመርኩ። «የኛ የድሮ ነው አባዬ» አልኩት፣ «የድሮው ፀሐይ ካላየ አይሠራም ነበር።»

«እኔም እኮ የምለው ይሄንኑ ነው» አለና በረጅሙ ተነፈሰ።

ያኔ ዝም ያልኩት አለንጋውን ፈርቼ ነበር። አሁን አባዬ እጁን የሚያነሳበት ጉልበት የለውም፣ ስልኬም ቻርጅ አልቆበት አያውቅም። እሱ በሚመጣባቸው ቀናት ግን ደንበኛ ገብቶ «በክረምት ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቀኝ የደንበኛውን ክንድ ይዤ፣ በዝናቡም ቢሆን፣ ደጅ አወጣውና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አዎ፣ ይሠራል» እለዋለሁ።