ደመላሽ የተባለችው ልጅ

ልጅ እያለሁ መካኒሳ ሰፈራችን ውስጥ ሙሉ ስሟን ደፍሮ የሚጠራት ሰው የሌላት አንዲት እኩያዬ ነበረች። ስሟ ደመላሽ ነው። ወንድ ብትሆን ኖሮ ማንንም ባልገረመ፤ አባቱ የተገደለበት ልጅ እንዲህ መባሉ በአገር የታወቀ ነው። ለሴት ሲሆን ግን ሰው አፉ ላይ ከበደው።

አባቷ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጋሽ በየነ ከምሳ ላይ አስነሥቶ ወሰዳቸው፤ በዚያው ቀሩ። ሬሳቸውም አልተሰጠም። እናቷ እትዬ አልማዝ ድንኳን መጣልም ማልቀስም ተከልክለው፣ በወሩ ወለዱ። እናቴ እንደነገረችኝ፣ በክርስትናው ዕለት ጎረቤቶቹ «ማጽናኛ በያት»፣ «ምትኬ በያት» ሲሏቸው፣ «ልቅሶ ከለከሉኝ፤ እስቲ ስም ማውጣትም ይከልክሉኝ!» ብለው ደመላሽ አሏት።

ባለሱቁ ጋሽ ሽኩር ከረሜላ ሲሰጧት «ደሜ» ይሏታል። እናቴ «ሚሚ» ትላታለች። አባቴ ፈሪ ስለነበር «አንቺ ልጅ» ብቻ ነው። ስሙን የወደዱት ዘበኛው አባ ተገኝ ነበሩ፤ «ወንድ ካልተወለደ ደም በሴትም ይመለሳል» ይሉ ነበር። እኛ ልጆቹ ደግሞ ብይ ስትበላን «አንቺ፣ ደሙን ተዪውና ብይዬን መልሺ!» እያልን እንተርባታለን። እሷም በኩርኩም ትመልስልናለች።

አመሻሽ ላይ፣ ሰፈሩ በባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስና በጥብስ በቆሎ ሽታ ሲታጠን፣ ጋሽ በየነ ጠመንጃውን አንግቶ ከቀበሌ ይመለሳል። ያኔ እትዬ አልማዝ በራቸው ላይ ይቆሙና «ደመላሽ! ኧረ ደመላሽ፣ ግቢ!» እያሉ ይጣራሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ እያለችም ይጣሩ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ በየነ ዞር አለና በሰደፍ አፋቸውን መታቸው። ሁለት የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ብይ የምንጫወትበት አፈር ላይ ወደቀ። በማግስቱ አመሻሽ፣ ከንፈራቸው አብጦ፣ ቃሉ በወጉ ሳይወጣላቸው እንደገና ተጣሩ።

ደመላሽ የምትፈልገው ሌላ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «እማዬ ደሙን ነው የምትፈልገው። እኔ ግን ጋሽ በየነ አባቴን የት እንደጣሉት ብቻ ይንገረኝ። አውጥተን ሀና ማርያም እንቀብረዋለን።»

ደርግ የወደቀ ሰሞን አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። ጋሽ በየነን ከተደበቀበት የዶሮ ቤት እግሩን ጎትተው አወጡት። ፊቱ ላይ ላባና ደም ተለጣጥፏል። ዕድሜ ልኳን ስሟን ያቆላመጡ ጎረቤቶች ያን ቀን «ደመላሽ! ደመላሽ የታለች? ባለደሟ ትጀምር!» ብለው ጮኹ። አባ ተገኝ ድንጋይ አስጨበጧት። ሰው ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀላት።

ድንጋዩን እንደያዘች አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ጋሽ በየነ፣ አባቴን የት አደረጋችሁት?» አለችው።

«ልጄ… ከላፍቶ ወንዝ ማዶ… ባሕር ዛፉን አልፎ ጉድጓድ አለ… ከጉድጓዱ በስተ…»

«ምን ታስለፈልፊዋለሽ!» አለ አንድ ጎረምሳ። የሱ ድንጋይ ግንባሩን ፈለጠው። ከዚያ ከየአቅጣጫው ወረደ።

«ቆዩ! አልጨረሰም! አልጨረሰም እኮ!» ብላ ላዩ ላይ ተደፋች። አንድ ድንጋይ ትከሻዋን ሲመታት አባቴ፣ ያ ፈሪው አባቴ፣ ገብቶ ጎትቶ አወጣት። ውርጅብኙ ሲቆም የጋሽ በየነ ፊት የሰው ፊት አልነበረም። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እትዬ አልማዝን «እሰይ፣ ደምሽ ተመለሰ!» እያሉ አቀፏቸው። እሳቸውም እልል አሉ። ድንገት ግን እልልታቸው ተቋረጠ። ደመላሽ ከአባቴ እጅ አምልጣ ተንበርክካለች፤ ጆሮዋን የሟቹ አፍ ላይ ደቅናለች።

ዛሬ ያ ባሕር ዛፍ የለም፤ ማዶው ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። እትዬ አልማዝም ባላቸው የት እንደወደቁ ሳያውቁ አረፉ። በደመላሽ መሥሪያ ቤት ወጣቶቹ ሙሉ ስሟን ያለ ፍርሃት ይጠሩታል፤ «እንዴት ያለ የጀግና ስም ነው!» ይሏታል። ፈገግ ትልላቸዋለች። ከወንዙ ማዶ ለአዲስ ሕንፃ መሠረት መቆፈሩን የሰማች ቀን ግን አስፈቅዳ ትወጣለች። አንዳንዴ አብሬያት እሄዳለሁ። ቆፋሪዎቹ ማን እንደሆነች አያውቁም። «እናቴ፣ ይናዳል፣ ራቅ በይ» ይሏታል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትልና የሚወጣውን አፈር ታያለች።