የፀጉር ሠሪዋ ጣቶች

ፀጉር ሠሪዋ ጣቶቿ ደንዝዘው መቀስ መያዝ አቃታት፤ ብዙም ሳይቆይ እግሯም ከዳት። ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ አስረዳት።

"ነርቮቻችንን የሚጠብቅ ማየሊን የሚባል ሽፋን አለ፤ ከፕሮቲንና ከስብ የተሠራ ነው። የሰውነትዎ መከላከያ በሽፋኑ ውስጥ ያሉት ስኳር ያዘሉ ስቦች ጀርም መስለውት ተነሣባቸው፤ ሽፋኑም ተጎዳ።"

"ሽፋኑ ይመለሳል?"

"ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ቀስ እያለ ነው።"

ታላቅ ወንድሟ ተስፋ ቆርጦ "የውበት ሳሎኑን እንዝጋው" አላት።

"የገዛ ሰውነቴ ተነሥቶብኛል ጋሼ፤ አንተ ደግሞ አትጨመርበት" አለችው።

ከዚያ ወዲያ ማበጠሪያ ከእጇ አልለየችም። በወደቀባት ቁጥር "አንሡልኝ" እያለች ነርሶቹን አሰለቸች። ክረምቱ ሲወጣ በምርኩዝ እየተደገፈች ሳሎኗን ከፈተች። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ያስቀመጠችው ወንድሟን ነበር። መቀሱ እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጆሮው ሥር ጫር አደረገው።

"አትነቃነቅ" አለችው።